ሃያ ሦስት መስመር

ሲድራ የመግቢያ ገጹን ስትሰርዘው ፕሮግራሙ አልሞተም።

ተገርማ ስክሪኑን አየችው። የአየር ሁኔታውን ገጽም ሰረዘች፤ አሁንም ይሠራል። እንዲያውም ቀለል ያለው መሰለ። «እስቲ ይሄንንስ?» አለች ለራሷ፣ ስድስቱን ባለ ቀለም ቁልፎች አንድ በአንድ እያጠፋች።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አባቷ ሐሰን ሰበታ ውስጥ፣ ጅማ መንገድ ዳር ካለው የፕላስቲክ ዕቃ ሱቁ አልተመለሰም። እናቷ ሬሐና ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ሲድራ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ፕሮግራሚንግ ቁጭ አድርጎ ያስተማራት ሰው የለም። ከትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር ክፍል በፍላሽ የገለበጠችውን የእንግሊዝኛ መማሪያ፣ ያልገባትን ቃል ደብተሯ ላይ እየጻፈች፣ ሁለት ጊዜ አንብባ ጨርሳዋለች። ላፕቶፑን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ አጎቷ ነው የሰጣት።

ነገሩ የተጀመረው በታናሽ ወንድሟ በኡዘይር ምክንያት ነው። ኡዘይር ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሲሆነው ማጅራት ገትር ይዞት ዳነ፤ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። በር ሲንኳኳ ሁሉም ብድግ ሲሉ አይቶ ነው እሱም የሚነሳው። «በር ሲንኳኳ ስክሪን ቢበራለትስ?» ብላ ለክፍል ጓደኛዋ ለመቅዲ ነገረቻት። መቅዲ በደስታ አበደች፤ ቡራዩ ለሚካሄደው የተማሪዎች የፈጠራ ውድድርም ሁለቱንም አስመዘገበች።

ፕሮግራሙ ማበጥ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። መቅዲ ከኢንተርኔት ያማረ ነገር ባገኘች ቁጥር ትልካለች፤ ሲድራ ትለጥፋለች። ማመልከቻው ላይ ግን «ሙሉ በሙሉ በራሳችን የተሠራ» ብለው ፈርመዋል። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ በጣም ከመዘግየቱ የተነሳ፣ በር ተንኳኩቶ ስክሪኑ እስኪበራ አንኳኪው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ሲድራ ዛሬ አሮጌውን እንዳለ አስቀምጣ፣ ከቅጂው ላይ የምትሰርዘው የሚያዘገየውን ፍለጋ ነው።

አንድ መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሙዚቃ። መስማት ለማይችል ልጅ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ሙዚቃ ከትተዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲዘፍን አንዳቸውም አላሰቡትም። ሰረዘችው።

የቀረው ሃያ ሦስት መስመር ነው። ሁሉንም ራሷ ነበረች የጻፈችው፤ የእያንዳንዱን ትርጉም ታውቃለች። ጥቁር ስክሪን አለ፤ ማይክሮፎኑ የሚይዘው ድምፅ በጨመረ ቁጥር ወደ ነጭ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጠረጴዛውን በጣቷ መታ አደረገች። ጣቷ ገና ሳይነሳ ስክሪኑ ግራጫ ሆኖ ጠፋ። አጨበጨበች፤ ክፍሉ በነጭ ብርሃን ቦግ አለ። ይህች ትንሽ ነገር ያ ሁሉ ኮተት ተጭኗት፣ ከሥር ሆና እንዲህ ስትሠራ ነበር ማለት ነው።

ብርሃኑን ያየው ኡዘይር ከበሩ ሮጦ ገባ። ሲድራ እንደገና መታች፤ እሱም መታ። በራ። በሩን በኃይል ዘጋው፤ በራ። በደስታ ሊዘል ሲል ከአፉ «ባ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ስክሪኑ በራ።

ኡዘይር ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁን አየ፤ ምንም አልመታም። እግሩን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አፉን ነካ።

«ባ።»

ስክሪኑ ግራጫ ሆነ።

«ባአአአ!»

ነጭ ሆነ። ወደ ሲድራ ዞረ፤ ጣቱን መጀመሪያ አፉ ላይ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ ነኝ? ሲድራ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ ኡዘይር ድምፁን ያሳድገው፣ ያሳንሰው ጀመር። አንዴ በሹክሹክታ ስክሪኑን ጭስ አስመሰለው። ከእሱ የሚወጣ፣ ትልቅና ትንሽ መሆን የሚችል ነገር እንዳለ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

ሬሐና አረፋ የነካው እጇን ሳታደርቅ በሩ ላይ ቆማለች። «ሱብሃነላህ» አለች። የእሷ ድምፅም ስክሪኑ ላይ በራ።

እሑድ ጠዋት ሲድራ ለመቅዲ ደወለች።

«ጥቁር ስክሪን?» አለች መቅዲ። «ሰው የስልሳ ገጽ አፕ ይዞ ይመጣል፣ እኛ ጥቁር ስክሪን? ሲዱ፣ ሼም ነው!»

«መቅዲ፣ የመግቢያ ገጹ እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?»

«አንቺስ?» አለች መቅዲ።

«እኔም አላውቅም። ቢጠይቁንስ?»

«አይጠይቁም። ለማንኛውም ሁለቱንም ይዘሽ ነይ» አለችና ዘጋችው።

ሰኞ ቡራዩ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኙት። ሁለቱ ፋይሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መቅዲ በዓይኗ አሮጌውን አሳየቻት። ሲድራ ጥቁሩን ከፈተች።

«አካም ጅርቱ፣ ልጆች?» ሲሉ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቁ ኦቦ ደገፋ፣ በዕድሜ ትልቁ ዳኛ። ግድግዳው ላይ ግራጫ ብርሃን ብልጭ አለ። «ይሄ ምንድነው?»

ሲድራ ስለ ኡዘይር ነገረቻቸው። ቀጥላም፣ «ማመልከቻው ላይ የጻፍነው ስለ ሌላ ፕሮግራም ነው። እዚያ ውስጥ ብዙው ከሰው የቀዳነው ስለሆነ ያንን ተዉልን። የእኛ ይሄ ነው፤ ሃያ ሦስት መስመር» አለች።

ኦቦ ደገፋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሌላስ ምን ይሠራል?»

«ሌላ ምንም አይሠራም።»

ከኋላ የነበሩት ተማሪዎች በሳቅ አውካኩ። ሳቃቸው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ነጭ አደረገው። ብርሃኑ የራሳቸው ሳቅ መሆኑን ያዩት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ ተቆረጠ፤ ግድግዳው ጠቆረ። ኦቦ ደገፋ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። ጎንበስ ብለው እንደ ምሥጢር «ጋሪዳ» አሉት፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ጨለማው ላይ ቀጭን ግራጫ ብርሃን መጥቶ ሄደ።

አንደኛ የወጡት የሱሉልታ ልጆች ናቸው፤ ወተት ሳይበላሽ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሠርተው ነበር። ሲድራና መቅዲ ምንም አልተሸለሙም።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ መቅዲ በመስኮት ታይ ነበር። ሰበታ አጠገብ ካለችው ዓለም ገና ሊደርሱ ሲሉ ወደ ሲድራ ዞረች።

«ቆይ፣ የመጀመሪያዋ መስመር ምን ማለት ናት?»

ሲድራ አጠገቧ ያለውን ሰውዬ ትንሽ ጠጋ እንዲልላት ጠይቃ ላፕቶፑን ጉልበታቸው መሐል ከፈተችው።