እግሩ የተቆረጠ እንጉዳይ

ኮሄይ ቺዙሩን ለትዳር ለመጠየቅ አባቷ ቤት የመጣው አንድ ቅርጫት የዱር እንጉዳይ ይዞ ነበር። ልጦ፣ አጥቦ፣ እግር እግሩን ቆርጦ ትቶ፣ እንደ ሙሽራ አሳምሮታል። ቺዙሩ ከበሩ ጀርባ ሆና ስታየው አንጀቷን በላት።

አባቷ ቶኩዞ ግን ቅርጫቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሙኪታኬ ነው፣ ጋሼ። ለሾርባ የሚሆን።»

«በምን ልወቅ? የጨረቃው እንጉዳይ ቢሆንስ?»

የጨረቃው እንጉዳይ መርዝ ነው። ከሙኪታኬ ጋር መንታ ይመስላሉ፤ አንድ ግንድ ላይም ይበቅላሉ። የሚለያቸው እግራቸው ነው፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ከጠቆረ አይበላም። ኮሄይ ደግሞ ለአክብሮት ብሎ ምስክሩን ሁሉ ጫካ ትቶት መጥቷል።

«ወንድሜን የነጠቀኝ እንዲህ ያለ ሾርባ ነው» አለ ቶኩዞ። «የሚለቅመውን ለማያውቅ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

«አውቃለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የለቀምክበትን ግንድ አሳየኝ።»

ኮሄይ አንገቱን ደፋ። በዚያ ተራራ የእንጉዳይ ቦታ ለወለዱት ልጅ እንኳ አይነገርም፤ ሰው ይዞት ይሞታል። ቅርጫቱን እዚያው ትቶ እጅ ነስቶ ወጣ። ቺዙሩ ተናደደች። እሷን ከሚያጣ ግንዱን ቢያሳይ ምን ነበረበት?

አጥሩ ጋ ደረሰችበት።

«ከበሰበሰ ግንድ አነስኩብህ?»

ወደ ተራራው በእጁ አመለከተ።

«ለአባትሽ አላሳይም። አንቺ ግን ነይ።»

ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ወጡ። መንገዱን ሙሉ ቺዙሩ ስለ ተቆረጡት እግሮች አሰበች። ውስጣቸው ጠቁሮ ቢገኝስ? አባቷ ቃሉን እንደማያጥፍ ታውቃለች። ኮሄይ ከወደቀ ግንድ አጠገብ ተንበርክኮ ቢላዋውን ሰጣት። ቆርጦ የተዋቸው እግሮች ግንዱ ላይ እንደተጣበቁ ናቸው። አንዱን ሰነጠቀችው። ነጭ ነው። ሌላውንም። አንድ ሳታስቀር ሁሉንም ሰነጣጠቀች፤ የጠቆረ አልነበረም። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለ ደንግጦ።

«እፎይ ብዬ ነው። ዝም በል» አለችና እጁን ያዘችው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ቅርጫቱ ላይ እንዳፈጠጠ ነበር።

«ነጭ ነው፣ አባዬ። ሁሉንም በእጄ ሰንጥቄ አየሁት።»

ቶኩዞ ልጁን አተኩሮ አያት። ዋሽታው አታውቅም። ተነስቶ ድስቱን ራሱ ጣደ። ሾርባው ደርሶ ፉት ሲለው ፊቱ ተፈታ፤ እንደ ዋዛም ጠየቃት።

«ለመሆኑ ግንዱ የት ነው?»

ቺዙሩ ከአባቷ የደበቀችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ጉንጯ ቀላ።

«አልነግርህም።»

ቶኩዞ ሳህኑን አስቀመጠ። ከዚያ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

«እንግዲህ የእነ ኮሄይ ቤት ሰው ሆነሻል» አለ። «ሂጂ ጥሪው፤ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይብላ።»