ሦስተኛው ሞንታርቦ

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ጎባ ኑና ሰቢሪናን ጠይቋት። የክፍሌ ልጅ ናት። የቤት ሥራ መኮረጅ እንኳ የሚደክማት ልጅ ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ አትፈጥርም።

ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ውጦታል።

እንጨት ለቀማ ወደ ላይ የወጣችው አክስቷ ዙሀይራ አልተመለሰችም...

እዚያ ሰፈር ሰው በጉም ሲጠፋ ይጠራል። የጠፋውም ድምፁን ተከትሎ ይወርዳል። የሰቢሪና አባት ሱሌይማን ደግሞ ለሠርግ ሞንታርቦ ያከራያል። ሱቁ በር ላይ አምፕሊፋየሩን አስነስቶ ካሉት ሦስት ሞንታርቦዎች ሁለቱን ወደ ተራራው አዞረ።

"ዙሀይራ... ኮቱ... በዚህ ነይ..."

ብዙ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰ።

"መጣሁ..."

ሰው ሁሉ አልሐምዱሊላህ አለ። ሱሌይማን ማይኩን ለልጁ ለሰቢሪና ሰጥቶ እህቱን ሊቀበል ሮጠ።

"እንዳታቋርጪ። ሦስተኛውን ደግሞ እንዳትነኪ።"

ምክንያቱን ሺህ ጊዜ ነግሯታል። ሞንታርቦ በተደረበ ቁጥር ከረንቱን የሚገታው ኦም ይወርዳል። ኦሙ ሲወርድ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ከረንት ይሰጥና ይግላል፣ ይቃጠላል። ሁለት ይችላል። ሦስት አይችልም።

እሷ ግን ድምፅ ከበዛ አክስቴ ቶሎ ትደርሳለች ብላ... የሦስተኛውን ሽቦ ሰካችው።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት።

ከዚያ ጭጭ።

"በየት በኩል?..." አለ ያ ቀጭን ድምፅ። ሰቢሪና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። አልደረሰም።

ዙሀይራ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

አባቷ በአሮጌ ዕቃ እህቴን አስበላኋት እያለ ራሱን ይረግማል። ሰቢሪና እሱ ሳይመለስ ሽቦውን ነቅላ ነበር። ምንም አልነገረችውም። እራት ላይ ብዪ እንጂ ልጄ ሲላት ሳህኑን ወደ እሱ ትገፋለች።

ባለፈው ዓርብ ጉሙ እንደገና ወርዶ ነበር፤ አባቷ መስጊድ ሳለ ሱቁን ልትጠርግ ገባች። ሦስተኛው ሞንታርቦ ጥግ ቆሟል። ሽቦው ከምንም ጋር ሳይያያዝ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ድምፅ የሚያወጣው የፊቱ ወረቀት ግን ይነፋል... ይሟሽሻል... ይነፋል...

በጣቷ ነካችው። ርሷል። እንደ ጉሙ ይቀዘቅዛል።

"ሰቢ... ለምን ዝም አልሽ?" አለ ያ ቀጭን ድምፅ ከወረቀቱ ውስጥ።

ተንበረከከች። አፏን ወደ ወረቀቱ አስጠጋች።

"እኔ ነኝ ያቃጠልኩት... አባዬ አይደለም..."

"ጥሪኝ።"

"ኮቱ... ነይ..." አለች በሹክሹክታ።

መሬት ላይ የነበረው ሽቦ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጫፉ በበሩ ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ገባና ተወጠረ... ሰው እየተደገፈው እንደሚመጣ ገመድ።

አንዴ ተሳበ።

እንደገና ተሳበ... አሁን ከቅርብ።