የክላራ እህት

ክላራ በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ለማሳደግ ታናሽ እህቷ ሄስተር ወደ ሟቿ ቤት ገባች። የክላራ ባል ቄስ አምብሮዝ ቴይት በእንግሊዝ አገር፣ በኤክሰተር ካቴድራል አጠገብ ለቅስና የሚዘጋጁ ወጣቶችን ስለ ህሊናና ስለ ምግባር ያስተምር ነበር።

ፍቅራቸው መቼ እንደጀመረ ሁለቱም አያውቁም። ሄስተር የምታውቀው፣ ቁርስ ላይ ሻይ ስትቀዳለት ዓይኑን ከስኒው እንደማያነሳ ነው፤ ካነሳ ደግሞ መመለስ ያቅተዋል። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ ማግባት ይችላል፤ የሟች ሚስትን እህት ማግባት ግን ቤተ ክርስቲያንም መንግሥትም ስለሚከለክሉ፣ ነገሩን ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ነሐሴ ላይ ግን ፓርላማው ክልከላውን አነሳ። ዓሣ ሻጯ «እንግዲህ ቄሱ ቤት ድግስ አለ» ብላ ስታሾፍባት፣ ሄስተር የገዛችውን ዓሣ ረስታ ወጣች።

አምብሮዝን አትክልት ቦታው ውስጥ አገኘችውና የልቧን ነገረችው።

«እወድሻለሁ» አላት። «ግን የሚስቴ እህት ለእኔም እህቴ ናት። ፓርላማ የእግዚአብሔርን ሕግ አይሽርም። ህሊናዬ እምቢ አለኝ፣ ሄስተር።»

«ህሊናህ ቢሳሳትስ?»

«ቢሳሳትም። ሰው እውነት ነው ብሎ ያመነውን ረግጦ ከሄደ፣ የሄደበት መንገድ ደግ ቢሆን እንኳ ራሱን ክዷል።»

«ጎበዝ አስተማሪ ነህ» አለችውና ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

ብዙም ሳትቆይ የክላራን ልጅ ለሞግዚት ትታ፣ ትሩሮ በተባለ ከተማ በሚገኝ የሴቶች ትምህርት ቤት ሥራ አገኘችና ሄደች። መጀመሪያ የምትጸልየው በቁጣ ነበር። ስህተቱን ልታገኝበት መጻሕፍት አገላበጠች፣ ቄሶች ጠየቀች፣ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ የትንሣኤ ጠዋት ለቁርባን እንደተንበረከከች፣ እሱ ትክክል እንደነበር አመነች። ደስ አላላትም፤ ግን አመነች።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ አምብሮዝ ሸብቶ መጣ። በትምህርት ቤቱ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ተቀምጦ፣ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችን ሲያጽናና ያስተማረው ነገር እንዴት እንደተናጋበት ነገራት። ያንን ክልከላ ያወጣው ሰው እንጂ እግዚአብሔር እንዳልሆነ አሁን ገብቶታል።

«ተሳስቼ ነበር። አግቢኝ» አላት።

ሄስተር ተነስታ አንገቱ ላይ ልትጠመጠም ፈለገች። አልተነሳችም።

«እኔ ደግሞ ያኔ ያልከኝን አምኜዋለሁ» አለችው። «ልረታህ ብዬ ስህተትህን ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ አመንኩት።»

«አትወጂኝም ማለት ነው?»

«እወድሃለሁ።»

«እንግዲያው ላስረዳሽ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ...»

«ብትከራከረኝ እሸነፋለሁ፣ አምብሮዝ» አለች ቀስ ብላ። «የምሸነፈው ግን ስለምወድህ እንጂ ስላመንኩህ አይሆንም።»

የጀመረውን ሳይጨርስ ቀረ። ህሊናው እምቢ ያለውን ሰው መጫን ኃጢአት ነው እያለ ዕድሜ ልኩን ያስተማረው እሱው ራሱ ነው። ተነስቶ እጇን ጨበጠና ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደ።

እሑድ ሄስተር ለቁርባን ቀረበች። ህሊናዋ ንጹሕ ነበር። እንባዋ አልቆም ስላላት ግን ቀና ማለት አቃታት፤ የትሩሮው ቄስም አልፏት ሌሎቹን ሁሉ አቁርቦ እስኪመለስላት ድረስ እንደተንበረከከች ቀረች።