ከሰዓቱ ገጽ ጀርባ

ሳይለስ ኦርመሮድ ሐሙስ፣ ማርች 12 ቀን 1931፣ ከሰዓት በኋላ በገዛ ሱቁ የድንጋይ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ፣ ከእሱ ቁመት የሚበልጥ የቁም ሰዓት ጀርባው ላይ ተጭኖበት ሞቶ ተገኘ። በሃርትዊክ ከተማ ሰው ሲሞት ጎረቤት መጋረጃውን ይዘጋል። ለኦርመሮድ ግን መጋረጃ የዘጋለት አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው «ሰዓቱስ ተረፈ?» ብሎ ነው ይባላል።

ኢንስፔክተር ገርሾም ትዌይት ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ እየደበደበው ደረሰ። ከተራራው ማዶ ካለው ሸለቆ የመጣ ሰው ነውና ሃርትዊኮች ገና ሳያዩት ጠልተውታል። እሱም ለመወደድ አልመጣም። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ በዓይኑ ብቻ የሚፈትሽ ሰው ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው ጌታዬ፤» አለው በሩ ላይ የቆመው ኮንስታብል ባይንስ። «የወንድሙ ልጅ ናት፤ ዶርካስ። ረቡዕ ዕለት ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ከሰዓቶችህ አንዱ አናትህ ላይ ይውደቅብህ!› ብላ ረገመችው። በማግስቱ ወደቀበት። አለቃችን እስከ ማታ ድረስ ታስራ ለፍርድ ወደ ዮርክ ትላክ ብለዋል።»

«እርግማን እንዲህ ቶሎ የሚደርስ ቢሆን እኔ እስካሁን አሥር ጊዜ በሞትኩ። ዮርክ ከሄደች በኋላ የሚቀረው ገመዱ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ መጀመሪያ ሰዓቱን ልየው።»

ሬሳው ሲነሳ ሰዓቱን ወደ ጎን አጋድመውት ነበር። ቀዩ የማሆጋኒ እንጨት ሣጥኑ ከትከሻው እስከ እግሩ ተሰንጥቋል። የራስጌው መስታወት ደቅቆ፣ ጨረቃና መርከብ የተሣለበትን ነጭ ገጽ ክፉኛ ቧጭሮታል። የሣጥኑ የሆድ በር ግን ደህና ነው። ትዌይት ባይንስን አስከፈተው። ሰዓቱን የሚያስኬዱት ሁለት ከባድ የብረት ክብደቶችና ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ፔንዱለሙ ውስጡ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«ሲወድቅ ከማንጠልጠያቸው ወልቀው ነው፤» አለ ባይንስ።

«ይህን ስስ በር ሳይሰብሩት?»

ትዌይት ተንበርክኮ በጎን በኩል ወደ ማሽኑ አጮለቀ። ሱቁ አቧራ የለበሰ ሱቅ ነው፤ ጣት ያሳረፉበት ሁሉ ይታያል። የማሽኑ የናስ ጥርሶች ግን አዲስ እንደተገዛ ማንኪያ ያበራሉ። ፔንዱለሙ የሚሰቀልባት እንደ ወረቀት የሳሳች ብረትም አልታጠፈችም፣ አልተሰበረችም።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው። ሰዓት የሚሞላ ሰው ፊቱን ወደ ሰዓቱ ስለሚያዞር፣ በራሱ ጊዜ ቢወድቅበት ግንባሩን ነበር የሚመታው። ስለዚህ ጀርባውን ሲሰጣት ጎትታ ጣለችበት።»

ትዌይት ደረጃውን ወጣ።

ዶርካስ ኦርመሮድ ፎቅ ላይ፣ ያረጁ የሰዓት ገጾችን በምትቀባበት ክፍል፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ቀለም ገብቷል።

«ሊያስሩኝ ከሆነ ዝናቡ ሳይብስ እንሂድ፤» አለችው።

«አጎትዎን ለምን ረገሟቸው?»

«አዲስ ገጽ ላይ ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈውን ሰው ስም ጻፊ አለኝ፤ አሮጌ ነው ብሎ ሊሸጠው። እምቢ ስለው በሞተች እናቴ መጣብኝ። ዛሬም ቢነሳ እደግምለታለሁ።»

«ሐሙስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። በሬን ዘግቼ ጨረቃ ስቀባ።»

«ሰዓቱ ሲወድቅ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«ያን የሚያህል ሰዓት ከእግርዎ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ?»

«አልሰማሁም አልኩዎት እኮ! ዋሸች ብለው ይጻፉና ይገላግሉኝ!»

ትዌይት ምንም አልጻፈም። ዋሾ ብትሆን ኖሮ ቤቱ ተናወጠ ብላ በማለችለት ነበር።

ሣጥን ሠሪው ጃቤዝ ሆልሮይድ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ቀኝ ክንዱ በጨርቅ ተንጠልጥሏል። ከሁለት ሳምንት በፊት ከመሰላል ወድቆ ሰብሮታል።

«አንተ የማዶ ሰው፣ ወንበር እንዳልሰጥህ አንዱን ሰብሬዋለሁ፤ ሌላው ላይ እኔ ተቀምጫለሁ፤» አለ ሽማግሌው።

«ቆሜ እሰማለሁ። ሟቹን ይጠሉት ነበር?»

«ያልጠላው ማን አለ? አባቴ ለአሮጌው ማሽን የሠራውን ሣጥን ለሊድስ ሱፍ ነጋዴ ሊሸጠው ነበር። ለምን መሰለህ? ለመጠጥ መደርደሪያ! ይኸው ክብሩ፤ ከላይ ዊስኪ፣ ከታች ብርጭቆ። መደርደሪያውን አንተ ግጠምልኝ አለኝ። ክንዴ በመሰበሩ እግዜርን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።»

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑማ ለናስ ማቅለጫ። የአምብሮስ ቅድመ አያት የሠራው ነው። እሱ ቢሰማ ያብድ ነበር። ሰዓት ሠሪ ደግሞ ከንቱ ፍጡር ነው፤ አንድ ማሽን ፈትቶ ባጠበ ቁጥር ከገጹ ጀርባ ስሙንና ቀኑን በመርፌ ይጭራል፤ ግድግዳ ላይ እንደሚሞነጭር ውሪ! እኛ ሣጥን ሠሪዎች ሥራችንን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ስም አያሻንም።»

ትዌይት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ባርኔጣውን አነሳለት። ሽማግሌው ግራ ተጋባ።

ሰዓት ሠሪው አምብሮስ ፔል የሥራ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ አንዲት የሰዓት ጥርስ ይሞርዳል። ከጎኑ ማንቆርቆሪያው ይፈላል፤ ለኢንስፔክተሩ ግን ሻይ አላለውም። በዚያ አገር ይህ ከስድብ አንድ ነው።

«ከኦርመሮድ ጋር ከተጣላን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤» አለ ፔል ቀና ሳይል። «ያኔ እንደወጣሁ ደጁን አልረገጥኩም። ያንን ሰዓትም አልነካሁም።»

«ለመጠጥ መደርደሪያ ሊሸጠው እንደነበር ሰምተዋል?»

ሞረዱ ቆመ። «አልሰማሁም።»

«እኔ በዚህ ሥራ ጨዋ ነኝና አንድ ነገር ያስተምሩኝ። የቁም ሰዓት ፔንዱለሙ እንደተሰቀለ ቢወድቅ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? የተሰቀለባት ስስ ብረት ትቀነጠሳለች። ክብደቶቹም ሣጥኑን ያፈርሱታል። ሰዓት ከማንቀሳቀስህ በፊት ፔንዱለሙንና ክብደቱን ታወርዳለህ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሰዓት ባይነካ ይሻለዋል።»

«ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤» አለ ትዌይት። «ከምሳ በኋላ ሱቁ እንገናኝ።»

ከምሳ በኋላ አምስቱም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ባይንስ የዶርካስን ክንድ ይዟል። ሰዓቱ ቆሞ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ክብደቶቹና ፔንዱለሙ እግሩ ሥር ተቀምጠዋል።

«ከዚህ ሻጥረኛ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ታቆመኛለህ?» አለ ጃቤዝ፣ ፔልን በአገጩ እያሳየ። «ሣጥናችንን ሃያ ዓመት ‹የሬሳ ሣጥን› ሲል የኖረ ሰው ነው።»

«አንተ ምስማር መቺ፣ አፍህን ዝጋ፤» አለ ፔል።

«ሁለታችሁም ዝጉ፤» አለ ትዌይት። «ሚስ ኦርመሮድ ሰዓቱን ጎትታ ጣለች ተብሏል። በንዴት የሚጎትት ሰው ፔንዱለም አያወርድም። እንዲያ ወድቆ ቢሆን ስሷ ብረት ትቀነጠስ፣ ክብደቶቹም ይህን በር ያፈርሱት ነበር። ሁለቱም ደህና ናቸው። ደግሞ እሷ ምንም አልሰማችም፤ ምክንያቱም ምንም አልወደቀም። ሟቹ በአንደኛው ክብደት ማጅራቱን ተመታ። ከዚያ ገዳዩ ክብደቶቹንና ፔንዱለሙን አውርዶ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። ሰዓቱን አቅፎ ቀስ ብሎ ሬሳው ላይ አስተኛው። የኦርመሮድ ጀርባ እንደ ፍራሽ ሆነለት። አደጋ እንዲመስልም መስታወቱን ሰበረ።»

«ቀስ ብሎ ካስተኛው ሣጥኑ ለምን ተሰነጠቀ?» አለ ባይንስ።

«የሳሳለት ለሣጥኑ ስላልነበረ ነዋ! እግሩ ድንጋዩን ሲመታ ተሰነጠቀ። ሚስተር ሆልሮይድ የአባታቸውን እጅ ሥራ እንዲያ አያደርጉም፤ ቢፈልጉም በአንድ ክንድ ማን ያነሳዋል? ገጹን መስታወት ቧጭሮታል፤ ገጽ ቀቢ ይህን አታደርግም። ሣጥኑ ተጎዳ፣ ገጹ ተጎዳ። ከሦስቱ ያለ አንዲት ጭረት የተረፈው ማሽኑ ነው።»

ሁሉም ወደ ፔል ዞሩ። ፔል ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ፔንዱለም ማውረድ ሥራው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ግን ማሽኑ ያበራል። በዚህ ሁሉ አቧራ መሐል በቅርቡ አንድ ሰው ጥርሱን አንድ በአንድ አጥቦታል። ሚስተር ፔል፣ እስቲ ገጹን ይፍቱልን።»

የፔል ፊት አመድ መሰለ። «መሣሪያ አልያዝኩም።»

«ግዴለም። ባይንስ፣ ያንን መዶሻ አምጣና ፈልቅቀው።»

ባይንስ መዶሻውን አነሳ።

«እጅህን አንሳ!» ብሎ ጮኸ ፔል። «እጅህን ከዚያ ላይ አንሳ፣ አንተ ደንቆሮ! ሚስማሮቹ ከኋላ ናቸው!»

ከደረት ኪሱ ትንሽ ጉጠት አወጣ። የሰዓቱን ጠቋሚዎች፣ ቀጥሎም አራቱን ቀጫጭን ሚስማሮች፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ነቀለ። ገጹን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። የማሽኑ የናስ ገበታ ወጣ። ትዌይት መብራት አስጠግቶ በላዩ ላይ የተጫሩትን ስሞች ከላይ ወደ ታች አነበበ።

«ኤሌያዛር ፔል፣ 1788። ጆብ ፔል፣ 1821። ሉቃስ ፔል፣ 1866። አምብሮስ ፔል፣ 1920።» መብራቱን ይበልጥ አስጠጋ። «አምብሮስ ፔል፣ ማርች 12 ቀን 1931።»

ጃቤዝ ለማየት ተጠጋ።

«ሐሙስ ጠዋት እርቅ ብሎ አስጠራኝ፤» አለ ፔል፣ ለማንም ሳይሆን ለማሽኑ የሚናገር ይመስል። «ገዢ መጥቷል፣ ሲደውል መስማት ይፈልጋል፣ እጠበው አለኝ። አመንኩት። አጥቤ፣ ስሜን ጭሬ፣ ፔንዱለሙንና አንዱን ክብደት ሰቀልኩ። ሁለተኛውን ልሰቅል ስል ሳቀ። ‹ለማቅለጫ የሚሄድ ናስ እንዲህ ሲያበራ አይቼ አላውቅም› አለኝ። ገዢው ሣጥኑን ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔን ያስለፋኝ ፊቴን ለማየት ነው። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። ክብደቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ሰው ገድለውም ፔንዱለሙን አወረዱ፤» አለ ትዌይት። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። የእርስዎ ልማድ ደግሞ አጋለጠዎት። ስምዎን ለምን አልፋቁትም? ሞረድ ነበረዎት።»

«ሦስት ጊዜ ብሞርደው ይጠፋ ነበር።» ፔል የቅድመ አያቱን ስም በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «በዚህ ገበታ ላይ የተጻፈ የአንድም ፔል ስም ሞረድ ነክቶት አያውቅም። እኔ ልጀምር?»

ባይንስ የዶርካስን ክንድ ለቆ የፔልን ያዘ። ፔል በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ዞረ። የኦርመሮድ ወራሽ እሷ ብቻ እንደሆነች ያውቃል።

«ዶርካስ፣ ልጄ፣ ሰዓቱ እንግዲህ ያንቺ ነው። ለእኔ አትዘኚ፤ አይገባኝም። ማሽኑን ብቻ ለማቅለጫ አትስጪብኝ። በሞቴ!»

ዶርካስ ይህን ሰው ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው ኖራለች።

«ከሐሙስ ጀምሮ ገመዱ አንገቴ ላይ ሲዞር እያየህ፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ ሻይህን ጠጣህ፤» አለችው። «እኔን በናስ ለወጥከኝ። የማደርገውን አልነግርህም። ሳታውቀው ሙት።»

ባይንስ ወደ ዝናቡ ይዞት ወጣ።

ትዌይት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በሩን ተደግፎ ቀረ። ዶርካስ የፈሰሰውን መስታወት በእግሯ ገፋ አድርጋ ተንበረከከች። ፔንዱለሙን ከመሬት አንስታ በሽርጧ ጠረገችና ለጃቤዝ አቀበለችው። ሽማግሌው በደህናው እጁ ተቀብሎ ወደ ሣጥኑ ሆድ አስገባው፤ ማንጠልጠያዋን ለማግኘት አጎነበሰ። ውጭ ፔልን የጫነው የፖሊስ መኪና ሞተር ተነሳ።

«ቆዩ፣ ሚስተር ሆልሮይድ፤» አለች ዶርካስ። «አሁን አይስቀሉት። መኪናው ድልድዩን ይለፍ። ፔል የሰዓቱን ድምፅ እንዳይሰማ።»

ጃቤዝ ፔንዱለሙን እንደያዘ ጠበቀ።