ቅቤ የነካው መተንፈሻ

"ለተሥላሴ በስተርጅና ባል ደብቃለች።"

እኔን ለተሥላሴን እንዲህ ስታማ በአጥር በኩል የሰማኋት ጎረቤቴ ጥሩሸዋ ናት። ጓዳዋ ውስጥ ወንድ ሲተነፍስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እያለች ለአላፊ አግዳሚው ትምላለች።

ባል ቢሆንማ እሰየው ነበር።

ልጆቼ፣ የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ተረት ያማረው ሌላ ቤት ይሂድ። ቦታው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ የራሴው ቤት። ጊዜው ያለፈው ሐምሌ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ጉሙ ደጁን አልፎ ደፉ ላይ ተኝቶ ነበር።

የእህቴ ልጅ አጥናፉ ጅቡቲ ወደብ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ተመለሰ። ሥራው ምን መሰላችሁ... ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው በአፉ ነክሶ፣ ከጀርባው ሲሊንደር አየር የሚስብበትን መተንፈሻ መጠገን።

በመንዝ። ባሕር በሌለበት አገር። እኔማ ስቄ ልሞት ነበር።

እሱ ግን ደንበኛ ነበረው። ምስክር የሚባል ጓደኛው፣ በየግድቡና በየሐይቁ እየጠለቀ የሰመጠ ሰው ሬሳ ያወጣል። እቃው ሲያስቸግረው በአውቶቡስ ይልክለታል።

ጓዳዬን ለቀቅኩለት።

አናጢ ጠረጴዛ ሠራለት። ላዩ ላይ ነጭ ላስቲክ ዘረጋ። እቃ ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ አሰረ፤ እቃውን እንዳይፍቀው ብሎ የሞርሳውን መንጋጋ ቆዳ አለበሰው። ዝገትና ጨው የሚያስለቅቅበት አቼቶ በሳፋ አዘጋጀ። ጎማ መንቀያው የናስ መርፌ ነው፤ ብረት ይቧጥጣል አለ። የአየር ግፊት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ትናንሾቹን የጎማ ቀለበቶች ደግሞ በእንቁላል ካርቶን ላይ በተራ በተራ ደረደራቸው።

ያንን ጠረጴዛ እንደ ታቦት ነበር የሚጠብቀው።

"እትዬ፣ ሌላውን ሁሉ ይንኩ። ቅባት ያለው እጅ ብቻ እዚህ እንዳይደርስ" አለኝ። ጎማው የራሱ ቅባት አለው፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው ብሎ፣ ያንኑ ሊቀበል ደብረ ብርሃን ወረደ።

እሱ እንደወጣ ገባሁ። እጄ አያርፍም፤ ምን ላድርግ።

ከቀለበቶቹ አንዷን ደርቃ አገኘኋት። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ደርቆ ያልቀባሁት ነገር የለም። ቁርበት ሲደርቅ ቅቤ። ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ። የራሴ ጸጉር ሲደርቅ ቅቤ። ጎማ ምን ልዩ ያደርገዋል...

የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነው፤ ቅቤው እጄ ላይ ነበር። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸኋት። ለሰለሰች። ደስ አለኝ። ጠረግ አድርጌ ቦታዋ መለስኳት።

አጥናፉ ገና ከመምጣቱ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ተማሪ ግድብ ውስጥ ሰምጣለች፣ ምስክር ከነገ ወዲያ መጥለቅ አለበት፣ እቃው በቶሎ ይላክ። ቀለበቶቹን ከካርቶኑ እያነሣ የምስክርን መተንፈሻ እየተጣደፈ መገጣጠም ጀመረ። መሀል ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

"እትዬ... የነኩት ነገር አለ?"

"እኔ ምን ቤት ነኝ።"

አመነኝ።

ጠዋት በሚኒባስ ላከው። ምስክር በሚጠልቅበት ቀን አጥናፉ ገበያ ወጣ፤ እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር እፈትላለሁ።

ሽ...ው።

ዝም አለ።

ሽ...ው።

ከጓዳው ነው። ድመት መስሎኝ ተነሣሁ።

ድመት አልነበረም።

አጥናፉ ሞርሳውን ከፍቶ ነበር የሄደው። አሁን መንጋጋው ጥብቅ ብሎ ገጥሟል። መሀሉ ምንም የለም። ባዶውን ነክሷል።

ነጩ ላስቲክ ላይ ውሃ ተኝቷል። ጣቴን ነከርኩት... በረዶ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው መለኪያ ቱቦ አልተገጠመበትም። መርፌው ግን ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። ከትንፋሹ ጋር።

ያኔ ሸተተኝ።

ቅቤ።

ትንፋሹ ፈጠነ። ሽው፣ ሽው፣ ሽው... ሮጦ እንደደከመው ሰው። ከዚያ ድርግም።

አሥር ሰዓት ላይ ለአጥናፉ ተደወለለት። ምስክር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጠልቆ አልወጣም። ያሰሩለት ገመድ ባዶውን ወጣ።

ቅቤ በብርድ ምን እንደሚሆን መንዝ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። ይረጋል። ድንጋይ ይሆናል። የግድቡ ውሃ ደግሞ ከኛ ጠዋት ይብስ እንደሁ እንጂ አይሻልም። የረጋው ቅቤ የአየሩን መንገድ ዘጋበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም... ያን ዕለት አልታሰበኝም።

አጥናፉ እህል ተወ። "እኔ ነኝ የገጠምኩት። የገደለው እጄ ነው" ይላል ሌላ ሳይል። ሰኞ ሄጄ የምስክር እናት እግር ላይ እወድቃለሁ፣ ከዚያ ለፖሊስ እጄን እሰጣለሁ አለ።

እኔ የሰፈሩን ነውር ሁሉ ሳወራ የኖርኩ ሴት... የራሴን ግን ሸሸግኩ። ንገሪው፣ ንገሪው ይለኛል ልቤ። እኔ ግን ውሃ አጠጣውና ወደ እንዝርቴ እመለሳለሁ።

ትንፋሹም ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል።

ሰኞ ዕለት ሴቶቹ አጥናፉን ሊሸኙ እንዝርታቸውን ይዘው መጡ። ጥሩሸዋ አለች። ጨርቅ የምትነግደው ጓደኛዬ ሀስና አለች። ሌሎችም ሁለት። አጥናፉ ልብሱን እየሰበሰበ ነው።

ሽ...ው።

ጥሩሸዋ እንዝርቷን እንደያዘች ወደኔ ጠጋ አለች። "ሰማችሁ? ያው ነው" አለች በሹክሹክታ። ባል የሚለውን አልደገመችውም።

እኔ ምላሴ ቀደመኝ።

"አጥናፉ ከጅቡቲ ይዞት የመጣ ጂን ነው። ያንን ሰውዬ የበላውም እሱ ነው" አልኩ። በልጄ ላይ። እየሰማኝ።

ከሀስና በቀር ሴቶቹ አማተቡ። አጥናፉ ሻንጣውን ይዞ ወጣና ከደፉ ላይ ቆመ። እውነት ነው ብሎ እንዳመነኝ ዓይኑ ላይ አየሁት።

በጓዳው በር ስር ሽታው መጣ። ለጋ ቅቤ።

ሀስና አሸተተች። በሩን አየች። ከዚያ ጣቶቼን አየች... ብዙ ቆይታ አየቻቸው።

"ጂን ቅቤ አይቀባም፣ ለተሥላሴ።"

እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። 

አጥናፉ ወደኔ ዞረ። "እትዬ... ነክተውት ነበር?"

ጓዳ ውስጥ ያለውም ትንፋሹን ዋጠ... የምመልሰውን እንደሚጠብቅ ሰው።