ያልሳቁት ኬኮች

ከኬኮቹ አንዱም አልሳቀም።

የዊንግሲ እናት የትልቁን የእንፋሎት ድስት ክዳን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። እንፋሎቱ ወደ ጣሪያው ወጥቶ ሲያልቅ የበረከት ኬኮቹ ታዩ። አናታቸው ድፍን ነው። የበረከት ኬክ ደግሞ እንዲህ አይሆንም። ሲበስል አናቱ ተሰንጥቆ እንደ ሳቀ ሰው አፍ መከፈት አለበት፤ በተለይ ለአዲስ ዓመት የሚወጣው የመጀመሪያው። እሱ ካልሳቀ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አይስቅም ይባላል። በሻም ሹይ ፖ ሰፈር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

«ክዳኑን ማነው የከፈተው?» አለች እናቷ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዊንግሲም የምትፈራት ድምጿ ዝቅ ሲል ነው።

ሊጥ የሚያቦካው ሽማግሌ ጋሽ ሎ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል «እኔ ጓዳ ዱቄት ስነፋ ነበር» አለ።

«ማነው የከፈተው አልኩ እኮ!»

መስኮቱ ጋ የተሰለፉት ደንበኞች ጮኹ። «ኧረ ሹማይ የሚያቀብለን የለም? አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!» እናቷ አልሰማቻቸውም። ከሰው ጋር እየተጣላች እንኳ ሹማይ፣ ያቺን ሥጋ የተሞላች የእንፋሎት ሊጥ፣ በወረቀት ሣጥን አድርጋ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ደንበኛ ሳትሰማ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዊንግሲ የሽርጧን ኪስ በእጇ ሸፈነች። ስልኳ እዚያ ውስጥ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ወጥ ቤቱ ጭር ሲልላት ክዳኑን ገለጥ አድርጋ፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ሲትጎለጎል ቪዲዮ ቀርጻ ነበር። ለጓደኛዋ ለቱንግ ላከችላት፤ ቱንግም «ወይኔ፣ ልክ ፊልም!» ብላ መለሰች። ኬክ በእሳት ላይ እያለ ክዳኑ እንደማይነካ ዊንግሲ ታውቃለች። ለአንድ አፍታ ነው፣ ምን ይመጣል ብላ ነው።

«አንቺ እዚሁ አልነበርሽም እንዴ?» እናቷ ወደ እሷ ዞረች። «ማን ነበር ወጥ ቤት?»

እትዬ ታም የባሕር ሽሪምፕ የሞላ ባልዲ ተሸክማ በጓሮ በር የገባችው ይህን ጊዜ ነው።

እትዬ ታም በስስ ሊጥ የሚታጠፍ የሽሪምፕ ጥቅልል ሠሪ ናት። ከዊንግሲ እናት በዕድሜ ትበልጣለች፤ ምላሷም ከቢላዋዋ ይሰላል። ጠዋት ዊንግሲ ያጠፈችውን ጥቅልል በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ለደንበኞቹ አሳይታ ነበር። «እዩልኝ እስቲ! ይቺ ልጅ እኮ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ አስመሰለችው!» ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ሁለቱ የዊንግሲ የክፍል ልጆች ነበሩ። ከበዓል በኋላ ትምህርት ቤት ምን ብለው እንደሚጠሯት ከወዲሁ ታውቃለች። እትዬ ታምን ጠላቻት፤ ከልቧ ጠላቻት።

«እትዬ ታም ብቻ ነበረች» አለች ዊንግሲ። «ደግሞ ድስቱ አጠገብ ቆማ፣ ‹ዛሬስ በድካም ሞቼ ነው የምወጣው› ስትል ነበር።»

ሁለተኛው እውነት ነው፤ ሁሉም ሰምቷል። የአዲስ ዓመት ኬክ በሚበስልበት ወጥ ቤት ደግሞ ሞት አይጠራም። ጋሽ ሎ እንኳ እጁን ከሊጡ አውጥቶ ቀና አለ።

እትዬ ታም ባልዲውን መሬት ላይ ዘጭ አደረገችው። «ብያለሁ። ደክሞኝ ነው፣ ብያለሁ። ክዳን ግን አልነካሁም። የኔ ረጅሙ ምላሴ ነው እንጂ እጄ አይደለም። ይልቅ ልጅሽን ጠይቂያት፤ ስልኳን ይዛ እዚሁ ስትሽከረከር ነበር።»

«ልጄን እንዳትነኪ!»

«ነካኋት እንዴ? ጠይቂያት ነው ያልኩሽ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ታም።» እትዬ የሚለው ቀረ። «ቤቴ ውስጥ ሞት ጠርተሽ፣ ኬኬን አበላሽተሽ፣ አሁን ደግሞ በልጄ ታላክኪያለሽ? ሼም የለሽም?»

እትዬ ታም ዊንግሲን አየቻት። ዊንግሲ ወለሉን አየች። ሁለቱ እሳትና ጭድ መሆናቸውን የማያውቅ ስለሌለ፣ ሴትዮዋ ያለችው ሁሉ የቂም ወሬ ተደርጎ ቀረ። እናቷ ኬኮቹን አንድ በአንድ እያነሳች ቆሻሻ ውስጥ ወረወረቻቸው።

ሥራ ግን ሥራ ነው። ዊንግሲና እትዬ ታም እንደ ልማዳቸው ትከሻ ለትከሻ ቆመው ጥቅልል ማጠፍ ያዙ። እትዬ ታም ወደ እሷ አልዞረችም። ጣቶቿ ስሱን ሊጥ እየሸበሸቡ ይሮጣሉ።

«ደስ አለሽ?» አለች ቀስ ብላ።

ዊንግሲ ሌላ ሊጥ አነሳች።

«ስሚ፣ እኔ አንቺን አልወድሽም። ሰነፍ ነሽ፣ ኩራተኛ ነሽ። ግን ፊትሽ ነው የምነግርሽ። አንቺ ከኋላ ነው የምትወጊው።»

«ሰው ፊት ያዋረድሽኝ አንቺ ነሽ!»

«ጥቅልልሽ ቀሽም ነበር፣ ቀሽም ነው አልኩሽ። በዚህ ሰው ይገደላል?»

መስኮቱ ጋ አንዲት ሽበታም ደንበኛ አንገቷን አስግጋ «የእናንተ አልሳቀም አሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀች። ገና ግማሽ ቀን አልሆነም። በዚህ መንደር ወሬ ከእንፋሎት ይፈጥናል። እትዬ ታም የያዘችው ሊጥ ጣቷ ላይ ተቀደደ። ዊንግሲ የእትዬ ታም ሊጥ ሲቀደድ አይታ አታውቅም።

«አየሽ?» አለች ሴትዮዋ፤ አሁን ድምጿ ቁጣ ብቻ አልነበረውም። «ከዚህ ከወጣሁ ማን በሩን ይከፍትልኛል? ‹ያቺ ኬክ የዘጋችው ገደቢስ› ይሉኛል። ምግብ ቤቱ ሁሉ ወሬ አለው። እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።»

ዊንግሲ «ሽንት ቤት ልሂድ» ብላ ሸሸች።

በሩን ቆልፋ የሆነውን ሁሉ ለቱንግ ጻፈችላት። መልሱ ወዲያው መጣ። «አንቺ ደግሞ አታካብጂ! ትባረራ! ትጠላኛለች ስትይ አልነበር? ተገላገልሽ በቃ።» ከሥሩ የምትስቅ ፊት ልካለች። ዊንግሲ ቪዲዮውን ከፈተችው። እንፋሎቱ ይትጎለጎላል፣ የራሷ ሳቅ ይሰማል። ከዚያም ክዳኑ ተመልሶ ይገጠማል። አጠፋችው። ለቱንግም «አንቺም አጥፊው» አለቻት፤ ቱንግም አጠፋች። ዊንግሲ ቀለል የሚላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም፤ እንዲያውም አሁን እውነቱን ለቤቱ የሚነግረው የራሷ አፍ ብቻ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ የሱቁ የብረት መዝጊያ እስከ ወገቡ ወረደ። የዓመት መዝጊያው ማዕድ ጥቅልል በሚታጠፍበት ጠረጴዛ ላይ ቀረበ፤ ዓሣ፣ እንጉዳይ፣ ጎመን፣ መሀል ላይ ደግሞ ሙሉ ቅቅል ዶሮ። አራቱም ተቀመጡ።

ሌላውን ምግብ ሁሉም ለራሱ ያነሳል። ዶሮውን ግን የሱቁ ባለቤት በራሷ የመብያ ቀጭን እንጨቶች፣ በቾፕስቲክ፣ አንስታ የአንድ ሠራተኛ ሳህን ላይ ካስቀመጠች፣ ያ ሰው ከበዓል በኋላ አይመለስም። ቃል አይነገርም። የተሰጠው ሰው ይበላል፤ ሽርጡን ፈትቶ፣ አጥፎ ከእሷ አጠገብ ያስቀምጥና ይወጣል። አምና ዕቃ አመላላሹ ፉን የሄደው እንዲህ ነው። ያቺን ቁራጭ ለመዋጥ የፈጀበት ጊዜ ለዊንግሲ አሁንም ይታወሳታል።

«ዘንድሮ ዶሮው ወፍሯል» አለ ጋሽ ሎ። የሳቀለት የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁሉም የሚሆነውን እያወቀ ጎመን ጎመኑን ይበላል።

እትዬ ታም ፀጉሯን አበጥራ ነበር። ንጹሕ ሽርጥ ለብሳለች። ሊባረር የመጣ ሰው ንጹሕ ሽርጥ ለምን ይለብሳል? ዊንግሲ ቾፕስቲኳን አስቀምጣ ሽርጡን አየች። ሴትዮዋ ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ ማዕዱን ትገለብጣለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ያኔ መጥላቱም ይቀላት ነበር። እትዬ ታም ግን ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች።

እናቷ የዶሮውን ጭን አነሳች።

ቾፕስቲኩ ማዕዱን አቋርጦ ሄደ። ጋሽ ሎ ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ። እትዬ ታም ሳህኗን ትንሽ ከፍ አደረገች፤ ከንፈሯ ተጣብቆ ነበር። ቁራጩ ሊወድቅ ሲል ዊንግሲ ከወንበሯ ተነሳችና የራሷን ሳህን ከሥሩ ሰደደች። ጭኑ እሷ ሳህን ላይ ወደቀ፤ ሾርባው እጅጌዋ ላይ ተረጨ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ለሷ እኮ ነው!» አለች እናቷ። በዚህ ማዕድ ላይ የማይነገረውን ራሷ ጮክ ብላ ተናገረችው።

«የኔ ነው» አለች ዊንግሲ። «ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቪዲዮ ልቀርጽ ብዬ ነው። እትዬ ታም አልነካችም።»

የእናቷ ቾፕስቲክ አየር ላይ ቀረ። ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። «ሰው ፊት... በሠራተኞቼ ፊት ነው እንዲህ የምታዋርጂኝ?»

«አዎ» አለች ዊንግሲ።

ጋሽ ሎ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ታም ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዊንግሲ ምስጋና ትጠብቅ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ምስጋና አልመጣም።

«ጠዋት ብትናገሪው ይሻል ነበር» አለች እትዬ ታም። «አሁን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። መንደሩን ማን ይነግረዋል?»

«እኔ።»

«እናያለን» አለች ሴትዮዋና ዓሣ አነሳች። ዓይኗ አልለሰለሰም።

ዊንግሲ ተቀመጠች። ቾፕስቲኳን አንስታ ዶሮውን መብላት ጀመረች። ቀዝቅዟል፣ ጨውም አንሶታል። እናቷ «ተይው አልኩሽ» ብትላትም እስከ አጥንቱ በላችው። ከዚያ ተነስታ ሽርጧን ፈታች። ጠርዙን ከጠርዝ ገጥማ አጠፈችውና ከእናቷ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። በመዝጊያው ሥር ጎንበስ ብላ ወጣች።

ያቺ ሽበታም ደንበኛ ከመንገዱ ማዶ የብርቱካን መሸጫው ጋ ቆማ ከባለሱቁ ጋር ታወራለች። ዊንግሲ መኪናዎቹ እስኪያልፉ ጠበቀችና ወደ እሷ ተሻገረች።