በገበያ ቋንቋ የተማለ መሐላ

ሐምሌ አሥራ ሦስት ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ የናሆራ ቤተ መንግሥት ደወሎች የሰው እጅ ሳይነካቸው ተደወሉ። ዘበኞች ወደ አዳራሹ ሮጠው ሲገቡ የመሐላው ድንጋይ ከመንበሩ ላይ የለም። በናሆራ ደግሞ እጁን በዚያ ድንጋይ ላይ ጭኖ ያልማለ ዘውድ አይደፋም።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሃራ አባቷን ንጉሡን ከቀበረች ገና ወር አልሞላትም። እርሷ ከገላጮች ወገን ነበረች፤ ቅዱሱን መጽሐፍ ከጥንቱ ልሳን ወደ ገበያ ቋንቋ ተርጉመው ገበሬው በራሱ አፍ እንዲያነበው ካደረጉት። የጥንቱን ሥርዓት የሚጠብቁት ስውራን ይህን እንደ ርኩሰት ይቆጥሩት ነበር። አጎቷ ልዑል ዛራን ለስውራኑ ቃል ገብቶላቸዋል፤ ሲሃራ እስከ ዘመን መለወጫ ሳትምል ከቀረች ዙፋኑን ይወርሳል፣ በወረሰ ማግስትም የገላጮችን ቤት ከነሰዉ ያቃጥላል።

ድንጋዩን ሰርቆ ወደ ዳሞር ዋሻ የወሰደው አንድ ወጣት መነኩሴ እንደሆነ ታወቀ። ዳሞር ከተራሮቹ ቀድሞ የተፈጠረ ዘንዶ ነው። ሠራዊት ብታዘምት አገሩ እርስ በርሱ ሊተላለቅ ነው። ስለዚህ ሲሃራ ሁለት ሰው ብቻ አስከትላ ወጣች። አንደኛው ገርሞ፣ የሞግዚቷ የእማ ዶሪት ልጅ፣ ከእርሷ ጋር አንድ ጡት ጠብቶ ያደገ ነው። አባቱን ስውራን ከነመጽሐፉ አቃጥለውበታል፤ ከዚያ ወዲህ ሰይፉም ምላሱም አርፈው አያውቁም። ሌላው አባ ኤሶር፣ ራሳቸው ከስውራን ወገን የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሌባው ደቀ መዝሙራቸው ነበርና፣ ስርቆቱ አሳፍሯቸው መንገድ ሊመሩ መጡ።

እግር የሚልጠውን የአመድ በረሃ ሲያቋርጡ ገርሞ ሽማግሌውን ሲነዘንዛቸው ዋለ። ነገሥታቱ ሁሉ ሲምሉበት የኖሩት የጥንቱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«መምህሬ አልነገሩኝም፤» አሉ አባ ኤሶር። «ዜማው ግን ያምራል።»

«እንዲያውስ ምን እንደተማለ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ዘንዶው ሳያውቅ አይቀርም፣ ልጄ። ደርሰህ ጠይቀው።»

ሲሃራ ከአባቷ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዳሞር ድንጋዩን በጉያው አድርጎ እንደ ወንዝ ተጠማዝዞ ተኝቷል። ወጣቱ መነኩሴ ጦሩን ወድሮ ከፊቱ ቆሟል። ዘንዶው አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ዋሻው በራ።

«የነገሥታትሽን ዜማ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ስሰማ ኖርኩ፤» አላት። «ያልገባውን የማለ ምንም አልማለም። ለዚህ ነው የተኛሁት። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሲሃራ በጦሩ አጠገብ አልፋ እጇን በድንጋዩ ላይ አኖረች። በገበያ ቋንቋም ማለች።

«በዘመኔ ሰው ስለ እምነቱ አይገደልም። ስለ እምነት ደም ያፈሰሰ ሁሉ፣ የቤቴም ሰው ቢሆን፣ ለዳሞር ይሰጥ። ይህን ባላደርግ ዘውዱ አይገባኝም።»

ወጣቱ መነኩሴ ዕድሜ ልኩን መሐላ ሲዜም ሰምቷል፤ የገባው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ጦሩን መሬት ላይ አኖረና ተንበረከከ። ያን ጊዜ ገርሞ ከኋላ መጣ።

«ይህ ስለ መጽሐፉ ነው!» ብሎ በሰይፍ መታው።

ሲሃራ ድንጋዩን ልታነሣ ሞከረች። ከተራራው ጋር የተሰፋ ይመስል አልነቃነቅ አለ። ዳሞር ዓይኑን ከገርሞ ላይ ሳያነሣ ይጠብቃል።

አባ ኤሶር የሟቹን ራስ በጭናቸው ይዘው ነበር። ገዳዩን ይቅር እንዳሉት ነገሯት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በጥንቱ ልሳን እንደገና ማይ፤ እኔ አቀብልሻለሁ። ያኛው ይሻራል፣ ዘንዶውም ይተኛል። ድንጋዩንም ወንድምሽንም ይዘሽ ትወጫለሽ።»

ሲሃራ አፏን ከፈተች። ዜማውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከአባቷ አፍ ሰምታዋለች። ወደ ገርሞ ዞር አለች።

«እታለም፣» አላት፤ «ያ መሐላሽ እኔንም ይጨምራል?»

የያዘችው ዜማ ከጉሮሮዋ ተመለሰ።

«ከአንተ ሌላ የቤቴ ሰው ማን አለ?» አለችው።

ገርሞ ለመሳቅ ሞከረ። «ክፋቱ፣ መሐላሽ ገብቶኛል። በአባ ኤሶር ዜማ ብትምዪ ኖሮ አልሰማሁም እል ነበር።»

ሰይፉን እግሯ ሥር አኖረ። እማዬ ስትጠይቅሽ አትደብቂያት ብሎ አደራ አላት፤ ወደ ዘንዶውም በእግሩ ሄደ። ዳሞር እንደ ጥላ ተጠመጠመበት። ሲሃራ ዓይኗን ሳትከድን እስከ መጨረሻው አየች። ድንጋዩን ስታነሣው እንደ ዳቦ ቀለላት።

በዘመን መለወጫ ዕለት በሕዝቡ ፊት ያንኑ ቃል ደግማ ማለች። አባ ኤሶር ከጎኗ ቆመው መሐላው ምን እንዳስከፈላት ተናገሩ። ዛራን ዙፋኑን ሊወርስ ካሰለፈው ሠራዊት አብዛኞቹ ስውራን ነበሩ፤ ጋሻቸውን እያስቀመጡ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ዛራንም ያለ ጦር ቀረ። ሲሃራ ፀጉሯ እስኪሸብት ነገሠች፤ የገላጭም የስውርም ቤት አልተቃጠለም።

እማ ዶሪት የልጇን ሞት ከንግሥቲቱ አፍ ሰማች። በዚያው ዓመት በገበያ ቋንቋ የተጻፈውን መጽሐፏን ለቤተ መንግሥቱ መልሳ ወደ ስውራን ገባች፤ እስክትሞትም ጸሎቷን በማታውቀው በጥንቱ ልሳን አደረሰች። ማንም አልነካትም።